ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለው መንገድ ልጆችን ሲያሰጋ፦ አቤቱታውን ለማን፣ መቼና እንዴት እናቅርብ?

«ልጆቻችን የሚሻገሩበት መንገድ ያስፈራል፤ ለማን ነው የምንናገረው?» የሚል ጥያቄ ከወላጆችም ከመምህራንም ይደርሰኛል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ይበረክታል። ጠያቂዎቹ ዝም ብለው የቆዩ ሰዎች አይደሉም፤ ለጥበቃው፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ በአጠገባቸው ላለፈ ትራፊክ ፖሊስ ሁሉ ተናግረዋል። ችግሩ የተናገሩት በቃል መሆኑ ነው። በቃል የተነገረ ነገር መዝገብ ቤት አይገባም፤ መዝገብ ቤት ያልገባ ጉዳይ ለባለሙያ አይመራም፤ ለባለሙያ ያልተመራ ጉዳይ በጀት አይያዝለትም።

ይህ መመሪያ ስጋታችሁን በመረጃ አስደግፋችሁ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንድታቀርቡና ምላሽ እስኪሰጥበት እንድትከታተሉ የሚያግዝ ነው። የጻፍኩት አዲስ አበባን ይዤ ነው፤ በክልል ከተሞች የሚለየውን በቦታው አነሳዋለሁ።

ደብዳቤ የማይጠብቁ ነገሮች

ልጅ ሊገባበት የሚችል ክፍት ማንሆል፣ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ሊናድ የደረሰ አጥር ካያችሁ ደረጃዎቹን አትከተሉ። አንድ ትልቅ ሰው ቦታው ላይ አቁማችሁ ልጆቹን በሌላ በኩል አሳልፉ፤ ወዲያውም ደውሉ። ፖሊስ 991 ነው፤ በአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ሰው ከተገጨ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራና የሰከንድ መቁጠሪያ ያለው ስልክ
- ረጅም ሜትር (ካልተገኘ በትክክል 10 ሜትር ተለክቶ የተቆረጠ ሲባጎ)
- ጠመኔ
- ደብተርና እስክሪብቶ
- ቢያንስ ሁለት ትልልቅ ሰዎች
- የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለእያንዳንዱ ሰው
- የትምህርት ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ
- ደብዳቤዎቹን በሙሉ የምታኖሩበት አንድ ፋይል

1. መጀመሪያ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተስማሙ

ርዕሰ መምህሩንና የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱን (ወተመህ) አነጋግሩ። ጉዳዩ በኅብረቱ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ቃለ ጉባዔ ይያዝበት፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰውም ይወከል። ይህን የምታደርጉበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ የትምህርት ቤት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የተቋም ጥያቄ ሆኖ ይመዘገባል፤ የአንድ ወላጅ ማመልከቻ ግን የግል ቅሬታ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሌላም ጥቅም አለው። እናንተ ቤት ብትቀይሩ ወይም ልጃችሁ ትምህርቱን ቢጨርስ ጉዳዩ ከናንተ ጋር አይሄድም።

ተማሪዎቹንም ጠይቁ። በየትኛው በኩል እንደሚሻገሩ፣ የትኛው ቦታ እንደሚያስፈራቸው፣ የቱ ጋር ታክሲ እንደሚጠብቁ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በአንድ ወረቀት ላይ አካባቢውን በእጅ ስሉና የሚሉትን ነጥብ እያደረጉ ያመልክቱላችሁ።

2. ቦታውን በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ተመልከቱ

ትምህርት 2፡15 የሚጀምር ከሆነ ጠዋት ከ1፡15 ጀምራችሁ ቁሙ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከመውጫው ሰዓት 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱና በር ላይ የሚጠብቅ ልጅ እስኪያልቅ ቆዩ። ቢያንስ ሦስት የትምህርት ቀን ይሁን፤ በአቅራቢያው ገበያ ካለ አንዱን የገበያ ቀን አድርጉት። አንድ ቀን ብቻ ካያችሁ «ያን ቀን አጋጣሚ ነው» ለሚል ሰው መልስ አይኖራችሁም።

የምትመለከቱት፦

ልጆቹ በእርግጥ የሚሻገሩት የት ነው? ዜብራው ከበሩ ራቅ ብሎ ከተቀባ አብዛኛው ልጅ በሩ ፊት ለፊት ነው የሚሻገረው። ይህን ስታዩ ልጆቹን ከመውቀሳችሁ በፊት ጻፉት፤ ዜብራው ያለቦታው መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነውና።

እይታ የሚጋርደው ምንድን ነው? የ7 ዓመት ልጅ ቁመት 1 ሜትር ከ20 ግድም ነው። መሻገሪያው ጠርዝ ላይ በዚያ ቁመት ልክ ዝቅ ብላችሁ ግራና ቀኝ እዩ። ቆሞ የሚጭን ሚኒባስ፣ የተከመረ አሸዋ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የጀበና ቡና መሸጫ ላስቲክ ምን ያህል እንደሚከልል የሚገባችሁ ያኔ ነው። ልጁ መኪናውን ካላየ ሾፌሩም ልጁን አላየውም።

ለልጅ የቆመ መኪና ሲኖር ከኋላው የሚመጣው ምን ያደርጋል? ሁለት መስመር ባለው መንገድ ላይ አንዱ ሾፌር ለልጁ ሲቆም ሌላው በጎኑ ደርቦ ያልፋል። ልጁ የቆመለትን አምኖ ስለሚወጣ፣ ሁለተኛው ሾፌር ደግሞ የቆመው መኪና ስለሚከልለው፣ ከሁሉ የከፋው አጋጣሚ ይህ ነው። ስንት ጊዜ እንደሆነ ቁጠሩት።

የእግረኛ መንገዱስ ይሄዳል? ተቆፍሮ የቀረ፣ ዕቃ የተዘረጋበት፣ መኪና የወጣበት፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ከሆነ ልጆቹ ወርደው በአስፋልቱ ይሄዳሉ። ከየት እስከ የት እንደሆነ በሜትር ለኩ።

3. ፍጥነቱን ለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ደብዳቤያችሁን ከሌሎች የሚለየውም ይኸው ነው። «መኪኖች ይበራሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስሜት ነው፤ «ከለካናቸው 50 መኪኖች 31ዱ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዱ ነበር» የሚል ግን ባለሙያው ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችለው ነገር ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። በመንገዱ ዳር፣ በእግረኛው መንገድ ላይ፣ 50 ሜትር ለኩና ሁለቱን ጫፎች በጠመኔ አመልክቱ። አንዱ ሰው መጀመሪያው ላይ ይቁምና የመኪናው የፊት ጎማ ምልክቱን ሲያልፍ እጁን ያንሳ። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ ሆኖ እጁ ሲነሳ መቁጠር ይጀምር፤ የፊት ጎማው እሱ ዘንድ ሲደርስ ያቁም። ከዚያ 180ን ለተገኘው ሰከንድ ማካፈል ነው። ውጤቱ በሰዓት ኪሎ ሜትር ይሆናል።

- 6 ሰከንድ = 30 ኪ.ሜ.
- 4.5 ሰከንድ = 40 ኪ.ሜ.
- 3.6 ሰከንድ = 50 ኪ.ሜ.
- 3 ሰከንድ = 60 ኪ.ሜ.

በእጅ ሲለካ የጥቂት አሥረኛ ሰከንድ ስህተት አይቀርም። ስለዚህ ቢያንስ 50 መኪና ለኩ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ከሆነም ርቀቱን 100 ሜትር አድርጉትና 360ን ለሰከንዱ አካፍሉ፤ ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል። ፊቱ መኪና ያገደውን አትቁጠሩ፤ የምትፈልጉት መንገድ ሲያገኝ የሚነዳውን ፍጥነት ነው። ሚኒባስ፣ የቤት መኪና፣ ሲኖትራክ፣ ባጃጅ፣ ሞተር እያላችሁ በዓይነት ለዩ። ዘዴውን በደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር ግለጹ። ይህ ልኬት አንድን ሾፌር ለመክሰስ የሚሆን አይደለም፤ የመንገዱን ጠባይ ለማሳየት ነው።

ፍጥነት ላይ ይህን ያህል የምቆየው ልዩነቱ የሕይወት ስለሆነ ነው። ንቁ ሾፌር ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 1 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል ብላችሁ አስሉ። በ30 የሚነዳ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ 13 ሜትር ግድም ሄዶ ይቆማል። በ50 የሚነዳው ግን 28 ሜትር ግድም ይፈልጋል፤ ፍሬን ከመያዙ በፊት ብቻ 14 ሜትር ተጉዟል። በ15 ሜትር ርቀት ላይ ድንገት የወጣ ልጅ ከመጀመሪያው መኪና ይተርፋል፤ ሁለተኛው ግን ፍጥነቱን ገና ሳይቀንስ ይደርስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመከሰት ዕድሉ በ4 በመቶ ግድም እንደሚጨምር ይገልጻል፤ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታም ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይታለፍ ይመክራል።

ከፍጥነቱ ጎን ለጎን በየ15 ደቂቃው ስንት ልጅ እንደተሻገረና ስንት መኪና እንዳለፈ ቁጠሩ።

4. ፎቶ አንሱ

ለእያንዳንዱ ችግር ሁለት ፎቶ ይበቃል፦ አንዱ ከርቀት አካባቢውን የሚያሳይ፣ አንዱ ከቅርብ ችግሩን የሚያሳይ። ቀንና ሰዓት ጻፉበት። የድጋፍ ደብዳቤውን የምትይዙት በዋናነት ለዚህ ነው፤ መንገድ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው «ማን ነህ?» መባሉ አይቀርም። ፖሊስ ወይም ደንብ አስከባሪ ሲጠይቃችሁ ደብዳቤውን አሳዩና በትሕትና አስረዱ። በአቅራቢያው ኤምባሲ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የጸጥታ ተቋም ካለ ወደዚያ በፍጹም አታንሱ።

5. ችግሩን በባለቤቱ ለዩት

አቤቱታዎች የሚባክኑት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሁሉን ችግር በአንድ ደብዳቤ አጭቆ ለአንድ መሥሪያ ቤት መስጠት «ይህ እኛን አይመለከትም» የሚል ምላሽ ያመጣል። በአዲስ አበባ ክፍፍሉ በጥቅሉ ይህን ይመስላል፦

- የደበዘዘ ወይም የሌለ ዜብራ፣ የመንገድ ምልክት፣ የፍጥነት መቀነሻ (ስፒድ ብሬከር)፣ የትራፊክ መብራት፦ የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን
- የፈረሰ የእግረኛ መንገድ፣ ጉድጓድ፣ የተደፈነ የውሃ መውረጃ ቦይ፦ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን
- በፍጥነት መንዳት፣ ዜብራ ላይ መቆም፣ ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት፦ የክፍለ ከተማው ፖሊስ፣ ትራፊክ ክፍል
- የታክሲ ስምሪትና መጫኛ ማውረጃ፦ የትራንስፖርት ቢሮ በክፍለ ከተማ ያለው ጽሕፈት ቤት
- በእግረኛ መንገድ ላይ የተዘረጋ ንግድ፣ የተደፋ አሸዋና ጠጠር፦ ደንብ ማስከበር፣ በወረዳው

ለእያንዳንዱ የየራሱን ደብዳቤ ጻፉ፤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ግልባጭ አድርጉ። በአካባቢው የኮሪደር ልማት ወይም ሌላ ግንባታ እየተካሄደ ከሆነ መጀመሪያ ሥራውን የያዘውን ተቋራጭ የሳይት ኃላፊ አነጋግሩ፤ ጊዜያዊ የእግረኛ መተላለፊያ ማጠር እሱ በዕለቱ ሊያስደርገው የሚችለው ነገር ነው።

በክልል ከተሞች የመጀመሪያው በር ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተማ ለከተማ በሚያገናኝ የፌዴራል መንገድ ዳር ከሆነ ግልባጩን ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርም አድርጉ፤ በዚያ መንገድ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን ጉብታ ሊሠራ አይችልምና።

6. በእጃችሁ ያለውን ቀድማችሁ አስተካክሉ

በሩ ዘግይቶ ስለሚከፈት ልጆች መንገድ ዳር ይጠብቃሉ? 20 ደቂቃ ቀድሞ ይከፈት። ሁሉም ክፍል በአንድ ደወል ይወጣል? ትንንሾቹን 10 ደቂቃ አስቀድሙ። ወላጆች መኪና በር ላይ ደርበው ያቆማሉ? ልጅ የሚወርድበትን ቦታ ከበሩ 100 ሜትር ያህል አርቃችሁ ወስኑ፤ ሰርቪሶቹም ልጁ ወደ ግቢው ጎን እንዲወርድ አድርገው ይቁሙ።

ባለሙያው ሲመጣ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ «እናንተ ምን አደረጋችሁ?» ነው። መልሱ ደብዳቤው ላይ ተጽፎ ይጠብቀው።

7. ደብዳቤውን ጻፉ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ልኬቱ፣ ፎቶውና ንድፉ አባሪ ይሁኑ። ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ መፍትሔውን ሳይሆን አደጋውን እንድትጽፉ ነው። «ብሬከር ይሠራልን» ብቻ ብላችሁ ብትጠይቁና ቦታው ቁልቁለት፣ የአውቶብስ መስመር ወይም ውሃ የሚያቁር ሆኖ ጉብታ ባይመች መልሱ «አይቻልም» ይሆናል፤ ፋይሉም ይዘጋል። አደጋውን ከጻፋችሁ ግን ባለሙያው ከፍ ያለ ዜብራ፣ የመሃል ማረፊያ ደሴት፣ መንገዱን ማጥበብ፣ ዜብራውን ማዛወር፣ ምልክት መትከል ከሚሉት ውስጥ የሚሆነውን ይመርጣል።

ናሙናው ይኸው፦

> ቁጥር፦ ________
> ቀን፦ ________
>
> ለ ________________
>
> ጉዳዩ፦ የተማሪዎቻችንን የመንገድ ደህንነት ያሰጋ ሁኔታ ላይ የመስክ ምልከታ እንዲደረግና እርምት እንዲወሰድ ስለመጠየቅ
>
> ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው በ____ ክፍለ ከተማ ወረዳ ____ የሚገኘው ትምህርት ቤታችን ____ ተማሪዎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ____ ያህሉ በየቀኑ ____ የተባለውን መንገድ በእግር ይሻገራሉ።
>
> ከ____ እስከ ____ ባደረግነው ምልከታ ከጠዋቱ ____ እስከ ____ ባለው ጊዜ ____ ተማሪዎች መሻገራቸውን፣ ፍጥነታቸውን ከለካናቸው ____ ተሽከርካሪዎች ____ ያህሉ በሰዓት ከ____ ኪ.ሜ. በላይ ሲጓዙ እንደነበር፣ ዜብራውም ከመግቢያ በሩ ____ ሜትር ርቆ እንደሚገኝ ተገንዝበናል። ዝርዝሩ በአባሪነት ተያይዟል።
>
> በበኩላችን ________ አድርገናል። ቀሪው ከአቅማችን በላይ በመሆኑ ባለሙያ ተመድቦ በተማሪዎች መግቢያ ወይም መውጫ ሰዓት የመስክ ምልከታ እንዲደረግና ተገቢው እርምት እንዲወሰድ፣ ውጤቱም በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።
>
> ከሰላምታ ጋር
>
> ግልባጭ፦ ________

«በመግቢያ ወይም በመውጫ ሰዓት» የሚለውን ሐረግ አትሰርዙት። ባለሙያ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ከመጣ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ጸጥ ያለ መንገድ አይቶ «ችግር የለም» ብሎ ሊመለስ ይችላል።

የሕግ መሠረት መጥቀስ ከፈለጋችሁ አንድ መስመር ይበቃል፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን፣ አንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃናት ደህንነት ቅድሚያ እንዲሰጠው ይደነግጋል።

8. መዝገብ ቤት አስገቡ

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ያዙ። አንዱን ስታስገቡ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ለምታውቁት ሠራተኛ በእጅ መስጠት ወይም በስልክ ፎቶውን መላክ ማስገባት አይደለም፤ ሠራተኛው ቢዛወር ደብዳቤው አብሮ ይጠፋል። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ «ለየትኛው የሥራ ክፍል ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁና የባለሙያውን ስም በፋይላችሁ ላይ መዝግቡ።

9. ጊዜውን ምረጡ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ግንባታ የሚጠይቅ ነገር ከሆነ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ አስገቡ። የዜብራ ቀለምም ደረቅ አስፋልት ይፈልጋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ አይያዝም። መስከረም ላይ ዜብራው ተቀብቶ እንዲጠብቃችሁ ከፈለጋችሁ ጥያቄው ከግንቦት በፊት ይግባ። የትራፊክ ፖሊስ ወይም አስተናባሪ ይመደብልን የሚለው ግን በጀት ስለማይጠብቅ በማንኛውም ጊዜ ይቀርባል።

10. ተከታተሉ፤ ካልሆነም ከፍ አድርጉት

በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ምላሽ ካልመጣ የፊተኛውን ቁጥርና ቀን የሚጠቅስ አጭር ማስታወሻ ደብዳቤ ጻፉ። ቀጥሎ የሥራ ክፍሉን ኃላፊ፣ ከዚያ የመሥሪያ ቤቱን ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ የወረዳውን ምክር ቤት አነጋግሩ። ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። መሥሪያ ቤቱ ጥናት ሠርቻለሁ ብሎ ካላሳያችሁ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃውን በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ አዋጁ ምላሽ የሚሰጥበትን ጊዜ በ30 ቀን ገድቦታል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተሳካ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ተቋሙ በቅድሚያ ከሚጠይቃችሁ ነገር አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከታችሁን ነው፤ ማኅተም ያረፈባቸው ኮፒዎች የሚጠቅሟችሁ ያን ጊዜ ነው።

11. ሥራው ሲሠራ ደግማችሁ ለኩ

ከአንድ ወር በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዘዴ ፍጥነቱን ለኩ። ከቀነሰ ቁጥሩን ከምስጋና ደብዳቤ ጋር ላኩ። ካልቀነሰ ቁጥሩ ራሱ ሁለተኛው ደብዳቤያችሁ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- በድንጋይ፣ በሲሚንቶ ወይም በገመድ የራሳችሁን ጉብታ አትሥሩ። ምልክትና ቀለም የሌለው ጉብታ ማታ ሞተረኛ ይገለብጣል፣ አምቡላንስ ያዘገያል፣ ክረምት ላይ ውሃ ወደ ቤት ይመልሳል፤ ኃላፊነቱም የሠራው ሰው ነው።
- ተማሪ አስፋልት መሃል ገብቶ መኪና እንዲያስቆም አታድርጉ፤ የትራፊክ ክበብ አባል ቢሆንም። የክበቡ ልጆች ጠርዝ ላይ ሆነው ጓደኞቻቸውን ይያዙ፤ መኪና የሚያስቆመው የሠለጠነ ትልቅ ሰው ይሁን።
- ስትለኩም ሆነ ፎቶ ስታነሱ አስፋልቱ ላይ አትውረዱ።
- የልጆች ፊት የሚታይበትን ፎቶ በቴሌግራምም በፌስቡክም አትልቀቁ። የተጎዳ ልጅ ምስል ደግሞ ለማንም አይሰጥ፤ ቤተሰቡ ሊያየው ይችላል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ልጅ እስኪገጭ መጠበቅ። «እስካሁን አደጋ አልደረሰም» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ለጥቂት የዳኑትን ቁጠሩ፤ ልጅ ሮጦ ያመለጠበት፣ መኪና ፍሬን አንጫርሮ የቆመበት ሁሉ ከነቀኑ ይጻፍ።

ቁጥር ማጋነን። አንድ የተጋነነ ቁጥር ከተገኘባችሁ ሌሎቹም አይታመኑም።

ሾፌሮችን መስደብ። የታክሲ ተራ አስከባሪዎችንና ሾፌሮችን አስቀድማችሁ ብታነጋግሩ መጫኛውን ከዜብራው 20 ሜትር ያህል ዞር ማድረግ ያለ ደብዳቤ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። አብዛኞቹ የልጆች አባቶች ናቸው።

ፊርማ አሰባስቦ ልኬት መርሳት። 300 ፊርማ ብዙ ሰው መጨነቁን ይናገራል እንጂ መኪናው በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ፣ ልጆቹም የት ጋር እንደሚሻገሩ አይናገርም። ሁለቱም ካሉ አያይዙ፤ አንዱን ብቻ የምትችሉ ከሆነ ልኬቱን ያዙ።

ዜብራ ሲቀባ ፋይሉን መዝጋት። ቀለሙ ይደበዝዛል፤ የወተመህ አባላትም ይቀየራሉ። ፋይሉ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ፤ በየዓመቱ የካቲት ላይ ዜብራውንና ምልክቱን ማየትም በኅብረቱ የዓመት ዕቅድ ውስጥ ይግባ።